ሣጥኑ ተናገረ፤ ማን መለሰለት?

የዚህ ወር ጨዋታችን ከሰማይ ይጀምርና ዞሮ ዞሮ ከሳሎናችን ምንጣፍ ላይ ያርፋል። መነሻ የሆነኝ አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዬ ነው። ደወሉ ሊደወል ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው እጁን አወጣና፣ «ቲቸር፣ ከሌላ ፕላኔት ፍጡራን ቢመጡ በምን ቋንቋ ነው የምናናግራቸው?» አለኝ። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ከኋላ የተቀመጠው አንዱ፣ «ሐዋሳ ካረፉማ በሲዳምኛ ነዋ!» ሲል፣ ሌላው ቀበል አድርጎ፣ «መጀመሪያ የሚያገኟቸው ባጃጅ ነጂዎች ናቸው፤ እነሱ ደግሞ የማይችሉት ቋንቋ የለም» አለ።

ቀልድ ይሁን እንጂ እውነትነት አለው። ከመናኸሪያ ተነሥቶ እስከ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ የሚዘልቅ ሰው በመንገዱ ላይ ሲዳምኛ፣ አማርኛ፣ ወላይትኛ፣ ስልጥኛ፣ ጉራጊኛ፣ ሀዲይኛና ኦሮምኛ ሊሰማ ይችላል። በአንዱ ቋንቋ ውስጥ እንኳ ሌላ ቋንቋ ተሸሽጎ ይገኛል። በሲዳማ ነባር ልማድ ያገባች ሴት የአማቶቿን ስም አትጠራም፤ ስሙን ብቻ ሳይሆን ስሙ በሚጀምርበት ድምፅ የሚጀምሩትን ሌሎች ቃላት ጭምር ትሸሽና በምትካቸው ሌላ ትናገራለች። «ባሊሻ» የሚባለውን ይህን ልማድ የቋንቋ ምሁሩ አንበሳ ተፈራ አጥንተው ጽፈውበታል። እንግዲህ ሙሽራዋ ወደ ባሏ ወላጆች ደጃፍ ስትዘልቅ በገዛ ቋንቋዋ ውስጥ እንደገና ተማሪ ትሆናለች ማለት ነው። ሰው ለሰው እንዲህ ከሆነ፣ ከሌላ ዓለም ለመጣ እንግዳማ እንዴት ይሆን?

በሰማይ ፍጡር አለ ወይስ የለም የሚለውን ለዑለማዎች ልተወው። በሱረቱ አሽ-ሹራ 29ኛ አንቀጽ በሰማያትና በምድር ስለተበተኑ ፍጡራን መወሳቱን አንዳንድ ሙፈሲሮች መላእክትን የሚጨምር ነው ብለውታል፤ ሌላ ፍጡርም ሊኖር እንደሚችል ያዩበት አሉ። አላሁ አዕለም። የተማሪዬ ጥያቄ ግን «አሉ ወይ?» ሳይሆን «ቢመጡ እንዴት እንግባባ?» የሚል ነበርና እኔም ወደዚያው ልመለስ።

ልጁ ይህን ጥያቄ ያመጣው እ.ኤ.አ. በ2016 ከወጣ «አራይቫል» ከተሰኘ ፊልም ነው። መሠረቱ ቴድ ቺያንግ የተባለ አሜሪካዊ ደራሲ በ1998 ያሳተመው ልብ ወለድ ነው። ሰባት እግር ያላቸው ፍጡራን በ12 መርከቦች ወደ ምድር ይመጣሉ። አንድ የአሜሪካ ጦር መኮንን ወደ አንዲት የቋንቋ ምሁር ዘንድ ሄዶ የፍጡራኑን ድምፅ ከቴፕ ያሰማትና ተርጉሚልኝ ይላታል። እሷም ከድምፅ ቅጂ ብቻ ቋንቋ እንደማይገኝ፣ ከባለቤቶቹ ፊት ቆማ መጠየቅና መመለስ እንዳለባት ታስረዳዋለች። በመጨረሻ ይዟት ይሄዳል። እሷም «ሰው» የሚል ቃል በሰሌዳ ላይ ጽፋ ደረቷን እያመለከተች ትጀምራለች፤ ቆየት ብላም ፊቷን እንዲያዩት ብላ የመከላከያ ልብሷን ታወልቃለች። እኔ ፊልሙን የወደድኩት እስከዚህ ድረስ ነው። ከዚያ ወዲያ፣ ቋንቋቸውን ስትማር የወደፊቱን ማየት ቻለች ይላል። እዚህ ላይ ከደራሲው ጋር እንለያያለን። የገይብ ዕውቀት የአላህ ብቻ ነው። የቋንቋ ምሁራኑም ቢሆኑ ቋንቋ አስተሳሰባችንን በመጠኑ ይነካዋል ይሉ ይሆናል እንጂ እንዲህ ርቀው አይሄዱም።

በእውነተኛው ዓለም የተሞከሩትስ? እ.ኤ.አ. ኅዳር 16 ቀን 1974 በፖርቶ ሪኮ ይገኝ ከነበረው የአሬሲቦ ግዙፍ የራዲዮ ቴሌስኮፕ 1,679 ነጥቦች ያሉት መልእክት 25 ሺ የብርሃን ዓመት ያህል ወደሚርቅ የከዋክብት ክምችት ተላከ። መልእክቱ ሦስት ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። መልስ ቢመጣ የዛሬ 50 ሺ ዓመት ገደማ መሆኑ ነው፤ ላኪው ቴሌስኮፕ ግን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 ፈርሶ ወደቀ! በ1977 ወደ ጠፈር የተወነጨፉት ሁለቱ የቮየጀር መንኮራኩሮች ደግሞ በወርቅ የተለበጠ የመዳብ ሸክላ ይዘዋል። በካርል ሴገን የተመራ ኮሚቴ በ55 ቋንቋዎች ሰላምታ ቀድቶበታል። ዓረብኛ አለበት፤ ማንም አፉን የማይፈታባቸው የሱመርና የአካድ ቋንቋዎች ሳይቀሩ አሉበት። አማርኛ ግን የለም፤ ኦሮምኛም፣ ሲዳምኛም የሉም። ይህን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው በጣም ተናደዱ። እኔ እንኳን ብዙም አልተናደድኩ። በ55 ቋንቋ ተናግሮ አንዲት መልስ ለመስማት ጆሮ ያላስቀመጠ ሸክላ፣ በ56ኛው ቢጨመርበት ምን ይፈይዳል?

በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ2015 «ክራምስ» የተባለ የሳይንስ ልብ ወለድ ፊልም በአማርኛ ተሠርቷል። አዘጋጁ ሚጌል ያንሶ የተባለ ስፔናዊ ሲሆን ዋናውን ገጸ ባሕርይ የተጫወተው ዳንኤል ታደሰ ነው። ከሰማይ ላይ ለዓመታት ጸጥ ብሎ ተንጠልጥሎ የኖረ መርከብ አለበት፤ የዛሬው ዘመን የፕላስቲክ አሻንጉሊትም ለወደፊቶቹ ሰዎች እንደ ውድ ቅርስ ሆኖ ይታያቸዋል። ከባለቤቱ የተለየ ዕቃ ምን ያህል ሊያሳስት እንደሚችል ያሳያል። ነገር ግን እኔን ከዚህ ፊልም ይልቅ የሚገርመኝ በዚህችው ምድራችን በእርግጥ የተፈጸመ ነገር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012፣ በእኛ አቆጣጠር በ2004 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ «ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ» የተባለው የአሜሪካኖች ድርጅት ሁለት የኢትዮጵያ መንደሮችን መረጠ። አንዱ ከ3 ሺ ሜትር በላይ ከፍታ ካለው የወንጪ ተራራ ጫፍ፣ ሌላው ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ካለው ከወለንጪቲ አካባቢ ነበር። በየመንደሩ 20 ያህል የአንደኛ ክፍል ዕድሜ ያላቸው፣ ትምህርት ቤት ያልገቡ፣ ፊደል ያልቆጠሩ ልጆች ነበሩ። ድርጅቱ ሞቶሮላ ዙም የተባሉ ታብሌት ኮምፒውተሮችን በሣጥን እንደታሸጉ አመጣላቸው። ውስጣቸው የፊደል ጨዋታ፣ መጻሕፍት፣ ፊልምና የሥዕል መሥሪያ ተጭኖባቸዋል፤ የተሠሩበትም ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው። ለልጆቹ ያስረዳቸው አስተማሪ አልነበረም። ሣጥኑ ከነእሽጉ ተሰጣቸው፤ አለቀ።

እስቲ ውድ አንባቢያን፣ አንድ አፍታ በእነዚያ ልጆች ቦታ ሆናችሁ አስቡት። ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ሣጥን ከመንደራችሁ አረፈ። ስትከፍቱት ያበራል፣ ይዘፍናል፣ በማታውቁት ቋንቋ ያናግራችኋል። ከሰማይ የወረደ መርከብ ማለት ከዚህ በምን ይለያል?

የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ በአሜሪካ በተደረገ የቴክኖሎጂ ጉባኤ ውጤቱን ሲያወሩ ሰው ሁሉ ተደነቀ። እሳቸው እንዳሉት፣ ልጆቹ በሣጥኑ ካርቶን ይጫወታሉ ብለው ሲጠብቁ፣ አንዱ በአራት ደቂቃ ውስጥ ሣጥኑን ከፍቶ፣ ማብሪያውን አግኝቶ አበራው። በአምስት ቀን ውስጥ እያንዳንዱ ልጅ በቀን 47 ፕሮግራም ይከፍት ነበር። በሁለት ሳምንት የእንግሊዝኛ ፊደል መዝሙር በመንደሩ ተሰማ። በአምስት ወር ደግሞ የድርጅቱ ባለሙያዎች ዘግተውት የነበረውን ካሜራ ልጆቹ ራሳቸው ከፈቱት። አንድ ልጅም የሥዕል መሥሪያውን ከፍቶ «ላየን» ብሎ በእንግሊዝኛ ጻፈ፤ አንበሳ ማለቱ ነው።

ማሻአላህ ነው! የሰው ልጅ የተሰጠውን አእምሮ የሚያሳይ ነው። የገጠር ልጅ አይችልም ለሚሉት ሁሉ ጥሩ መልስ ነው። እኔ ግን መምህር ነኝና የፈተና ወረቀት ሳርም «እሺ፣ ከዚያስ?» ማለት ልማዴ ነው። አንደኛ፣ ሣጥኑ ጭራሽ ሰው ያልነካው አልነበረም። ጎልማሶቹ ታብሌቱን በፀሐይ ኃይል መሙላት ተምረው ነበር፤ በየሳምንቱም ባለሙያ እየመጣ የማስታወሻ ካርዱን ይቀይር ነበር። ሁለተኛውና ዋናው፣ ያ ካርድ ልጁ የትኛውን ቁልፍ ስንት ጊዜ እንደነካ ይመዘግባል፤ ልጁ ማታ ለእናቱ ምን እንዳላት ግን አይመዘግብም። «ላየን» ብሎ የጻፈው ልጅ ከኦሮምኛ ተናጋሪዎች አገር ነው፤ በዚያ ቋንቋ አንበሳ «ሌንጫ» ነው። ሣጥኑ ይህን ቃል አያውቀውም። ልጁ ወደ ሣጥኑ ቋንቋ ሄደ እንጂ ሣጥኑ ወደ ልጁ አንዲት እርምጃ አልመጣም። መዝሙር መሸምደድና ማንበብም አንድ አይደሉም፤ ይህን በወቅቱ የተቹ የትምህርት ሰዎች ነበሩ።

ከሁሉ የገረመኝን ደግሞ ልጨምር። የዚያው ድርጅት ሰዎች ለዚህ ሥራ ላሰቡት ሶፍትዌር «ኔል» የሚል ስም ሲሰጡ ስሙን የወሰዱት ከሳይንስ ልብ ወለድ ነበር። ኒል ስቲፈንሰን እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተመው «ዘ ዳይመንድ ኤጅ» በተባለ ልብ ወለድ፣ ኔል የተባለች አንዲት የድኻ ልጅ የሚናገር መጽሐፍ በእጇ ይገባል፤ መጽሐፉም ማንበብን፣ ማሰብን፣ ራሷን መጠበቅን ያስተምራታል። እንግዲህ የወንጪው ሣጥን ከልብ ወለድ የተቀዳ ሕልም ነበር ማለት ይቻላል። ይሁንና ልብ ወለዱን ያነበበ ሰው አንድ ነገር አይስተውም። ከዚያ መጽሐፍ ጀርባ የምትናገረው ሚራንዳ የተባለች በሕይወት ያለች ሴት ናት። በሩቅ ሆና ሌሊትና ቀን ለልጅቱ ታነባለች፣ ትጨነቅላታለች፣ እያደር እንደ እናት ትሆናታለች። ሣጥኑን የሠሩት ሰዎች መጽሐፉን ከልብ ወለዱ አወጡና ሚራንዳን እዚያው ትተዋት መጡ።

ይህን የምለው ከስሜት ብቻ ተነሥቼ አይደለም። ፓትሪሺያ ኩል የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት፣ የዘጠኝ ወር አሜሪካውያን ሕፃናትን በቡድን ከፍለው የቻይንኛ ድምፅ አሰሟቸው። አንዱን ቡድን ቻይንኛ የሚናገሩ ሰዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው እየተጫወቱ 12 ጊዜ፣ በየጊዜው 25 ደቂቃ አነጋገሩት። ሌላው ቡድን ያንኑ ነገር ለዚያው ያህል ጊዜ ከቴሌቪዥን አየ፤ ሦስተኛው ድምፁን ብቻ ሰማ። በኋላ ሲፈተኑ፣ ሰው ያጫወታቸው ሕፃናት የቻይንኛውን ድምፅ በታይዋን ካደጉ ሕፃናት ባላነሰ ለዩ። ቴሌቪዥን ያዩትና ድምፅ የሰሙት ግን ምንም እንዳልሰሙት ሆኑ። ቃሉ ያው፣ ሰዓቱ ያው። የጎደለው ሰው ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ብልህ አንባቢ «አንተስ ኡስታዝ፣ መድረሳ ገብተህ ትርጉሙን የማታውቀውን ዓረብኛ ስታነበንብ አላደግህም?» ቢለኝ እውነት አለው። አምስት ዓመት ሳይሞላኝ ከሎህ ፊት ተቀምጫለሁ። የቀራሁት ምን እንደሚል የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ ይህ የቁርኣን ትምህርታችን ድክመት ነው ብል የሚቆጡኝ ይኖራሉ፤ እኔ ግን አሁንም እለዋለሁ። ነገር ግን ያኔ ከፊቴ አንድ ሸኽ ነበሩ። የአማርኛና የስልጥኛ ምላሳችን «ዐይን» የሚለውን ፊደል ከ«አሊፍ» አልለይ እያለ ሲያስቸግረን፣ ጉሮሯቸውን በጣታቸው እያሳዩ፣ አፋችንን እያዩ፣ መቶ ጊዜ ይመልሱን ነበር። ስሳሳት ይሰማሉ፤ ሳስተካክል ፊታቸው ይፈታል። ትርጉሙ ባይገባኝም ጆሮ ነበረኝ፤ ለእኔም የሚሰማ ጆሮ ነበረኝ።

አሁን ወደ ሳሎኔ ምንጣፍ እንግባ። አራት ዓመት የሆነው ወንድ ልጅ አለኝ። እኔ ወረቀት ሳርም፣ ባለቤቴም ከሥራ ደክማ ስትገባ፣ ስልኩን ሰጥተን ዝም እናሰኘው ነበር። ልጁ «ፐርፕል»፣ «ዳይናሰር» እያለ ሲቆጥር እኔ ራሴ ለእንግዳ «እስቲ ንገራቸው!» እያልኩ ኮርቻለሁ፤ አልዋሽም። ታዲያ እናቴ ለዓይኗ ሕክምና ከስልጤ መጥታ እኛ ዘንድ ሰነበተች። የምትናገረው ስልጥኛ ነው፤ አማርኛዋ ከገበያ አያልፍም። የልጅ ልጇን አቅፋ ታወራዋለች። እሱ «ኖ! ስቶፕ ኢት!» ይላታል። «ምን አለኝ?» ትለኛለች። እኔም በወለደችኝና በወለድኩት መካከል አስተርጓሚ ሆኜ ቁጭ! አንድ ቀን ከሌላው ክፍል ለብቻው በእንግሊዝኛ ሲያወራ ሰምታ፣ «ይህ ልጅ ከማን ጋር ነው የሚያወራው? ቁርኣን አይቀራበትም ወይ?» ብላ ደነገጠች፤ ያኔ ሳቅን። በሁለተኛው ሳምንት ግን እናቴ ልጁን ማናገር ተወች። በእጇ ብቻ ትጠራዋለች፣ በእጇ ብቻ ታጎርሰዋለች። ያን ጊዜ ሳቁ ጠፋ።

ስልኩን ቁም ሣጥን ውስጥ ልቆልፍበት ስነሣ ባለቤቴ ተቃወመችኝ። «ባለፈው ለመዋዕለ ሕፃናት ስናስመዘግብ ቀለም የጠየቁት በምን ነበር? በእንግሊዝኛ አይደል? ታዲያ በምን ይመልስ?» አለችኝ። ለዚህ ጥሩ መልስ አልነበረኝም፤ ዛሬም የለኝም። ትምህርት ቤቶቻችን ሕፃንን እንዲህ እየፈተኑ ወላጅን ብቻ መውቀስ ደግ አይደለም። በመጨረሻ የተስማማነው በቀን ግማሽ ሰዓት ይይ፤ ያም ከአንዳችን ጋር ተቀምጦ፣ የሚያየውን በአማርኛ እየጠየቅነው በሚል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላሉ ልጆች ከአንድ ሰዓት አይብለጥ፣ ቢያንስ የተሻለ ነው ይላል። (በየትኛውም ቋንቋ ሲያናግሩት የማይመልስ፣ ዓይን የማያይ ልጅ ያለው ወላጅ ግን በስልክ አሳብቦ አይቀመጥ፤ ለሐኪም ያሳየው።)

የቀረውን ሥራ ለእናቴ ሰጠናት። «አንቺ በስልጥኛ ብቻ አናግሪው፤ አማርኛም አትቀላቅይ» አልናት። «አይሰማኝማ!» አለች። ያኔ የኡሙ ኻሊድን ታሪክ ነገርኳት። ወላጆቿ ወደ ሐበሻ ተሰደው ሳሉ እዚሁ የተወለደች ልጅ ነበረች። ወደ መዲና ስትመለስ ገና ሕፃን ናት። ቡኻሪ እንደዘገቡት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጥለት ያለው ጥቁር ልብስ በእጃቸው አለበሷትና ወደ ጥለቱ እያመለከቱ «ሰናህ» አሏት፤ ይህም በሐበሾች ቋንቋ «ያምራል» ማለት ነው። በዓረቦች መካከል፣ ዓረብ ሆነው፣ ለአንዲት ሕፃን ካደገችበት አገር ቃል ፈልገው አመጡላት። እናቴ ታሪኩን ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ። ልብሱ ምን ዓይነት እንደነበርም ጠየቀች።

የመጀመሪያዎቹ አራት ቀናት ለቅሶ ብቻ ነበሩ። ልጁ በቁም ሣጥኑ በር ላይ ተለጥፎ ይውላል። ከዚያ እናቴ ቡና ስትቆላ ከአጠገቧ መቀመጥ ጀመረ። ፍሬውን እያነሣች ትሰጠዋለች፣ ስሙን ትለዋለች፣ ይጥለዋል፤ ደግማ ታነሣለታለች፣ ደግማ ትለዋለች። ያቺ የፊልሟ ምሁር ከሰሌዳዋ ጋር ያደረገችው ይህንኑ አልነበር? ለተማሪዬም በማግሥቱ የነገርኩት ስለ ሰሌዳዋ ነበር፤ አሁን ቢጠይቀኝ ስለ እናቴ የቡና ፍሬ እነግረው ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ከሰዓት ወረቀት እያረምኩ ሳለሁ ልጁ ከጓሮ እየሮጠ ገብቶ ምስር ትለቅም ከነበረችው እናቴ ፊት ቆመና በስልጥኛ ውሃ ጠየቃት። ቃሉ ተሰባብሮ ነበር፤ ቢሆንም ሁለታችንም ሰምተናል። እኔ ቀና አልኩ። እናቴ ግን ያልሰማች መስላ ምስሯን መልቀም ቀጠለች። ደግሞ እንዲላት ነው።